የፓርት ድሮዊንግን በአሴምብሊው አቀማመጥ ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካድ (በኮምፒውተር ዲዛይን መሥራት) የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጋ ይደናቀፋል። ፓርቱ (አንዱ ክፍል) አሴምብሊው (ክፍሎቹ የተገጣጠሙበት ፋይል) ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ድሮዊንግ (ለሠሪው የሚሄደው ወረቀት) ላይ ሲወጣ ግን ወይ ተኝቷል ወይ ተዘቅዝቋል። ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው። የምመልሰው ሶሊድወርክስ በሚባለው የካድ ሶፍትዌር ነው፣ እጄ የለመደው እሱን ስለሆነ። ሌሎቹን መጨረሻ አካባቢ ነካ አደርጋለሁ። ለምሳሌ አንድ ወፍጮ እንያዝ፦ አራት እግር ያለው የብረት ፍሬም፣ ላዩ ላይ ሞተሩና ወፍጮው፣ ከጎኑ ደግሞ እህሉ የሚንሸራተትበት በ40 ዲግሪ ያዘነበለ ላሜራ።

ፓርቱ አሴምብሊው ውስጥ ቆሞ ሳለ ድሮዊንግ ላይ ለምን ይተኛል?

ድሮዊንጉ አሴምብሊውን አያውቀውማ። የፓርት ድሮዊንግ የሚያነበው የፓርቱን ፋይል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፓርት የራሱ ዜሮ ነጥብና የራሱ ሦስት አክሲስ አለው፤ «ፍሮንት»፣ «ቶፕ»፣ «ራይት» የሚባሉት ቪዎች (ከፊት፣ ከላይና ከቀኝ የሚታዩት) የሚወጡት ከነዚህ ነው። የመጀመሪያውን ስኬች (መነሻ ንድፍ) የጀመራችሁት በየትኛው ፕሌን (ጠፍጣፋ የመሳያ ገጽ) ነበር? ያን ቀን ቡናችሁን እየጠጣችሁ፣ ሳታስቡበት ጠቅ ያደረጋችሁት ፕሌን ነው ዛሬ ድሮዊንጉ ላይ የሚፈርድባችሁ።

አሴምብሊው ደግሞ ፓርቱን አይነካውም። ሜት (ፓርቱን ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ትዕዛዝ) ስትሰጡት «ይሄ ፓርት ከእኔ ዜሮ ይህን ያህል ርቆ፣ ይህን ያህል ዞሮ ይቀመጥ» ብሎ ራሱ ጋ ይመዘግባል። መዝገቡ ያለው አሴምብሊው ፋይል ውስጥ ነው። የወፍጮውን እግር ተኝቶ ስላችሁት ከሆነ አሴምብሊው ውስጥ አራት ጊዜ ቢቆምም፣ በራሱ ፋይል ውስጥ እስከ ዛሬ እንደተኛ ነው።

ይህ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው። ወይ ቪውን በአሴምብሊው በኩል ታወጣላችሁ፣ ወይ የአሴምብሊውን አቅጣጫ ወደ ፓርቱ ፋይል ታስገባላችሁ።

ታዲያ ከመጀመሪያው እንደሚቀመጠው አድርጌ ብስለው አይሻልም?

ለአብዛኛው ነገር፣ አዎ። ከማሽኑ ፊት ለፊት ቆማችሁ የምታዩትን ጎን ፍሮንት አድርጋችሁ፣ ወደ ላይ የሚያየውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከዚህ ጽሑፍ ግማሹን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ግን ያዘነበለውን ላሜራ አዘንብሎ መሳል ራስን መቅጣት ነው። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ያዘነበለ ፕሌን መፍጠር ሊኖርባችሁ ነው። ዘንበል ያለ ነገር ቀጥ ተደርጎ ይሳል፣ ማዘንበሉን ለሜቱ ተዉት። አሥር ቦታ በአሥር አቅጣጫ የሚገባ ፓርት ከሆነ ደግሞ «እንደሚቀመጠው» የሚባል ነገር ራሱ የለውም።

ሶሊድወርክስ ላይ አጭሩ መንገድ የቱ ነው?

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። አሴምብሊውን እከፍትና ኮንትሮል ከ1 ጋር ተጭኜ ወደ ፍሮንት አዞረዋለሁ። ከዚያ ፓርቱን ጠቅ አደርግና ከሚወጡት ትንንሽ ምልክቶች ውስጥ «ኦፕን ፓርት ኢን ፖዚሽን» የሚለውን እመርጣለሁ። ተራውን «ኦፕን» ብትጫኑ ይሄ አይሠራም፣ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ፓርቱ በራሱ መስኮት ይከፈታል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ልክ አሴምብሊው ውስጥ በነበረበት አቅጣጫ ነው።

አይጡን ሳታንቀሳቅሱ ስፔስ ባር ተጫኑ። የኦሪየንቴሽን ሳጥን ይመጣል፣ «ኒው ቪው» በሉና ስም ስጡት። እኔ «አሴምብሊ ፍሮንት» ነው የምለው፤ «ቪው 1» ብላችሁ ከሄዳችሁ ከሦስት ወር በኋላ ራሳችሁን ትረግማላችሁ። ፓርቱን ሴቭ አድርጉ። ይህን የረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ድሮዊንጉ ላይ ሲያጣው ሶፍትዌሩን ይሳደባል።

ድሮዊንጉ ላይ ሞዴል ቪው ስታስገቡ «ሞር ቪውስ» የሚል ዝርዝር አለ፤ የሰጣችሁት ስም እዚያ ይጠብቃችኋል። ምልክት አድርጉበት፣ ወረቀቱ ላይ አስቀምጡት። ከሱ የምታወጧቸው ፕሮጀክትድ ቪዎች (የዚያው ቪው የጎንና የላይ ገጽታዎች) ሁሉ ያንኑ አቅጣጫ ይከተላሉ፣ ስለዚህ ስም የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ ነው።

አሴምብሊው ሲቀየር ያ ስም የሰጠሁት ቪው አብሮ ይቀየራል?

አይቀየርም። ፎቶ እንደማንሳት ነው። ላሜራውን ከ40 ወደ 35 ዲግሪ ብታወርዱት ፓርቱ ውስጥ ያለው ቪው 40ው ላይ እንደቆመ ይቀራል፣ የሚያስጠነቅቃችሁም የለም።

አብሮ እንዲቀየር የምትፈልጉ ከሆነ ቪውን ከአሴምብሊው አውጡት። ፓርቱ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «አይሶሌት» ስትሉ ሌላው ሁሉ ይሰወራል፤ በሚመጣው ትንሽ ሳጥን ላይ ይህን ሁኔታ እንደ ዲስፕሌይ ስቴት (ምን እንደሚታይና ምን እንደተሰወረ የሚይዝ መዝገብ) ሴቭ ማድረጊያ አለ። ድሮዊንጉ ላይ አሴምብሊውን እንደ ሞዴል አስገቡና በቪው ቅንብሩ ውስጥ ያንን ዲስፕሌይ ስቴት ምረጡ። የሚታየው አንዱ ፓርት ብቻ ነው፣ አቅጣጫው ግን የአሴምብሊው ነው። መሰወር እንጂ ሰፕረስ ማድረግ (ፓርቱን ለጊዜው ከአሴምብሊው ማስወጣት) አይደለም! ሰፕረስ ካደረጋችሁ ሜቶቹም አብረው ይጠፉና ፓርቱ ያለ መያዣ ይቀራል።

ዋጋ አለው ታዲያ። የአንድ ላሜራ ድሮዊንግ ለመክፈት ሙሉ ወፍጮው ይጫናል። ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኩም አሴምብሊውና በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ መሄድ አለበት፣ ፋይሎቹን አንድ ላይ የሚጠቀልለውን «ፓክ ኤንድ ጎ» ካልተጠቀማችሁ ባዶ ሳጥን ነው የሚደርሰው። እኔ ይህን መንገድ የምመርጠው ዲዛይኑ ገና እየተለዋወጠ ላለ ነገር ነው። ማዕዘኑ ከተወሰነ በኋላ ስም የተሰጠው ቪው ይበቃል።

በአሴምብሊው በኩል ሳወጣው ታይትል ብሎኩ (ወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው የመረጃ ሠንጠረዥ) ላይ የአሴምብሊው ስምና ክብደት መጣ። ምን ላድርግ?

ይህን የጠየቀኝ ሰው ደርሶበታል ማለት ነው፣ ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። ታይትል ብሎኩ ስሙን፣ ቁጥሩንና ማቴሪያሉን የሚወስደው ወረቀቱ ላይ ካለ አንድ ቪው ነው፤ ምንም ካላላችሁት የመጀመሪያውን ይይዛል። የመጀመሪያው ቪው አሴምብሊ ከሆነ 3 ኪሎ የማትሞላ ላሜራ የወፍጮውን ክብደት ተሸክማ ትወጣለች።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጥግ ላይ ከራሱ ከፓርቱ ፋይል የወጣ አንድ ትንሽ አይሶሜትሪክ (ሦስት ጎን በአንዴ የሚያሳይ ቪው) አስቀምጡ። ከዚያ ሺት ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ፤ ታይትል ብሎኩ ከየትኛው ቪው ይቅዳ የሚል ምርጫ ከታች አለ። ያንን አይሶሜትሪክ ምረጡ። አይሶሜትሪኩ ለአንባቢውም ይጠቅመዋል፣ ባዶ ማታለያ አይደለም።

ፓርቱ ውስጥ ኮኦርዲኔት ሲስተም (ተጨማሪ ዜሮ ነጥብና አክሲስ) ፊቸር ብጨምርስ?

ስሙን አይቶ «ይኸው መፍትሔው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ከሪፈረንስ ጂኦሜትሪ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፣ የምትፈልጉት ቦታ ላይ ትተክሉታላችሁ። ክብደትና የክብደት ማዕከል ስታሰሉ፣ ርቀት ስትለኩ፣ ወይም ስቴፕ ፋይል ወደ ሌላ ሶፍትዌር ስትልኩ «ከዚህ ዜሮ ቁጠር» ማለት ያስችላችኋል። ለዚህ ሥራ ግሩም ነው።

ድሮዊንግ ግን ቪው ሲፈልግ የሚያየው የኦሪየንቴሽን ዝርዝሩን ነው። ኮኦርዲኔት ሲስተሙን መትከል ብቻውን አዲስ ፍሮንት አያመጣም። አንድ እርምጃ ይቀራችኋል፦ ከአክሲሶቹ ጋር የሚስማሙ ሁለት ፕሌኖች ፍጠሩ፣ ከፊት የምትፈልጉትን መጀመሪያ፣ ወደ ላይ የሚያየውን ደግሞ ኮንትሮል ይዛችሁ ሁለተኛ ምረጡ፣ ከዚያ ኮንትሮል ከ8 ጋር። ስክሪኑ ልክ በዚያ አቅጣጫ ይዞራል፣ ሁለተኛው ምርጫ ወደ ላይ ይሆናል። ይህን ስም ሰጥታችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ።

አንዳንዱ ሰው ፓርቱን አሴምብሊው ውስጥ ሆኖ ኤዲት እያደረገ ኮኦርዲኔት ሲስተሙን ከአሴምብሊው ዜሮ ጋር ያስረዋል። ይሠራል፣ ፓርቱ ሲንቀሳቀስም ኮኦርዲኔቱ ከአሴምብሊው ዜሮ ጋር እንደተያያዘ ይታደሳል። ግን ፓርቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ አሴምብሊ ጥገኛ ነው፤ ዛፉ (የፓርቶችና የፊቸሮች ዝርዝር) ላይ ከስሙ አጠገብ ቀስት ምልክት ታያላችሁ። ነገ ሌላ ማሽን ላይ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ተጠንቀቁ።

«አፕዴት ስታንዳርድ ቪውስ» የሚለውን ብጫን አይቀልም?

ይቀላል። ድሮዊንግ ያልወጣለት አዲስ ፓርት ከሆነ ተጫኑት፣ አሁን የምታዩትን ጎን ፍሮንት ያደርገዋል። ድሮዊንግ የወጣለት ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ የቆዩት ቪዎች ሁሉ አብረው ይዞራሉ፣ ልኬቶቹም ይተራመሳሉ። ደግሞ የሚዞረው የቪው ስም ብቻ ነው፤ «ፍሮንት ፕሌን» የሚለው ፕሌን የነበረበት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፍሮንት ፕሌኑ በፍሮንት ቪው ላይ የማይታይ ፓርት ይዛችሁ ትቀራላችሁ፣ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ግራ ይጋባል።

ቦዲውን (የፓርቱን አካል) በ«ሙቭ ኮፒ ቦዲ» ባዞረውስ?

አታድርጉት። ለድሮዊንግ ብላችሁ ጂኦሜትሪ ካዞራችሁ አሴምብሊው ውስጥ ያለው ፓርትም አብሮ ሊዞር ይችላል።

ድሮዊንጉ ላይ ቪውን ማዞር ብቻ አይበቃም?

አንዳንዴ ይበቃል። ፓርቱ የተኛው በወረቀቱ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ትክክለኛው ጎን ወደናንተ እያየ ግን 90 ዲግሪ ዞሮ ከሆነ፣ «ሮቴት ቪው» ብላችሁ 90 ጻፉና ጨርሱ። እዚያው ሳጥን ላይ ተከታይ ቪዎች አብረው ይዙሩ የሚል ምልክት አለ፣ አትርሱት። ጀርባው ወይም ሆዱ እያየ ከሆነ ግን ወረቀት ላይ ማዞር ምንም አይፈይድም።

እርስ በርስ በ90 ዲግሪ የሚገናኙ ሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ያሉት ፓርት ከሆነ «ሪሌቲቭ ቱ ሞዴል»ም አለላችሁ። «ይሄ ገጽ ፊት ይሁን፣ ያኛው ላይ ይሁን» ብላችሁ ሁለት ገጽ ትነካላችሁ፣ አለቀ። እንደኔ ከሆነ ሰው ከሚገባው በታች የሚጠቀምበት ትዕዛዝ ይሄ ነው።

ያዘነበለውን ፓርት በአሴምብሊው አቅጣጫ ካወጣሁ ልኬት ልጽፍበት እችላለሁ?

እዚህ ጋ ቁጭ ብለን እንነጋገር፣ እኔ የተቃጠልኩበት ነው።

ላሜራው 600 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፣ 40 ዲግሪ አዘንብሏል። በአሴምብሊው አቅጣጫ ከላይ የሚታየውን ቪው ብታወጡ ርዝመቱ 600 ሆኖ አይታይም። 600 ሲባዛ በ40 ዲግሪ ኮሳይን፣ 459.63 ነው። ቪው ላይ ልኬት ስትጥሉ ሶፍትዌሩ የሚጽፈው ይህንን ነው፤ እንዲህ ባለ ቪው ላይ የሚለካው በወረቀቱ ላይ የሚታየውን ጥላ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳም እንቁላል መስሎ፣ በአንድ በኩል 50 በሌላው 38.3 ሆኖ ይታያል።

እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህንኑ አድርጌ ወረቀቱን ለበያጁ ላክሁ። ሰውየው ምን ያድርግ፣ የተጻፈለትን ቆረጠ። 14 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ላሜራ ይዞልኝ መጣ። «ኢንጂነር፣ እንደጻፍከው ነው» አለኝ፣ ልክ ነበር። 459.63 የሚል ቁጥር ላሜራ ላይ ሳይ ራሱ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ጤነኛ ሰው ላሜራ በእንዲህ ያለ ቁጥር አያሠራም።

ስለዚህ ልኬት የሚጻፈው ገጹ ሙሉ በሙሉ ወደናንተ በሚያይበት ቪው ላይ ነው። ከፓርቱ የራሱ ፍሮንት አውጡት፣ ወይም ከአሴምብሊው ቪው ላይ ያዘነበለውን ጠርዝ ነክታችሁ ኦግዚሊያሪ ቪው (ያዘነበለውን ገጽ ፊት ለፊት የሚያሳይ) ጨምሩ። በአሴምብሊው አቅጣጫ የወጣው ቪው «እንዲህ ነው የሚቀመጠው» ለማለት ብቻ ይኑር። እሱ ላይ የምጽፈው አንድ ነገር ነው፣ 40 ዲግሪዋን።

ማሽን ሾፑስ በየትኛው አቅጣጫ ይፈልገዋል?

ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነበር። ወረቀቱን ማን ይዞት ይቆማል?

ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ የሚሠራ ዘንግ ከሆነ፣ ወፍጮው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቢቆምም ወረቀቱ ላይ ይተኛል። ቶርኖው የሚይዘው አጋድሞ ነው፣ ባለሙያው አንገቱን አጣሞ እንዲያነብ ምን አስገደዳችሁ? ለፍሬዛ (የታሰረ ብረት በሚሽከረከር መቁረጫ ለሚፈልጠው ማሽን) የሚሄድ ደግሞ በመንጋጋው እንደሚታሰረው። ላሜራ ሌዘር ላይ የሚቆረጥ ከሆነ የሚሄደው ተዘርግቶ ነው፤ ፍላት ፓተርኑ (የተዘረጋው ቅርጽ) የሚወጣው ከፓርቱ ነው፣ የአሴምብሊው አቅጣጫ እዚያ ምንም ሥራ የለውም።

በያጅና ገጣጣሚ ግን ሌላ ናቸው። እነሱ ማሽኑን ከፊታቸው አቁመው ነው የሚሠሩት። እግሩ ቆሞ፣ ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ በትክክለኛው በኩል ሆኖ ካላዩት ገልብጠው ይበይዱታል። የአሴምብሊው አቀማመጥ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው። ድሮ ትምህርት ቤት የተማርነው ደንብም ከዚህ አይርቅም፦ ዋናው ቪው ብዙ የሚናገረው ይሁን፣ ሲመረጥም ዕቃው የሚሠራበት፣ የሚመረትበት ወይም የሚገጠምበት አቀማመጥ ይታሰብ።

ሁለቱም ከሆነ? ሁለት ገጽ። ወረቀት ከብረት ይረክሳል።

ልኬቱ ከአሴምብሊው ዜሮ ይቆጠር?

ለወፍጮ፣ በፍጹም። የቀዳዳዎቹ ልኬት መነሻ ፓርቱ ራሱ ላይ ያለ፣ ባለሙያው በእጁ ሊነካው የሚችል ገጽ ወይም ቀዳዳ ይሁን። የአሴምብሊው ዜሮ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል፣ በካሊፐር አይነካም።

ይህ ደንብ የማይሠራባቸው ሰፈሮች ግን አሉ። መኪና ዋናው ነው። የመኪና ቦዲ ዲዛይን ላይ አንድ የጋራ ዜሮ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፊት አክስል አካባቢ፤ ኤክስ ወደ ኋላ፣ ዜድ ወደ ላይ ይቆጠራል። ለዚህ አይኤስኦ 4130 የሚባል ደረጃ ራሱ ወጥቶለታል፣ ከ1978 ጀምሮ። የበር ቆርቆሮ ብቻውን ቢሳልም መኪናው ላይ በሚቀመጥበት ቦታ ነው የሚሳለው፣ ምክንያቱም እንደ ጨርቅ የተጠማዘዘ ነገር «ቀጥ ያለ ጎን» የለውም። አውሮፕላንም ያው ነው፣ ከአፍንጫው አካባቢ ወደ ኋላ፣ ከመሀሉ ወደ ጎን፣ ከታች ወደ ላይ የሚቆጠሩ የራሱ ቁጥሮች አሉት። መርከብም እንዲሁ። እነዚህ ጋ የምትሠሩ ከሆነ ፓርቱን ከመጀመሪያው በትልቁ ኮኦርዲኔት ውስጥ ሳሉት፣ ጣጣው ሁሉ ይቀራል።

አንዱ ፓርት አራት ቦታ ካለስ፣ የቱን አቅጣጫ ልውሰድ?

አንዱን ምረጡና ስሙ ላይ ጻፉት፣ «የፊት ግራ እግር እንደሚቆመው» ብላችሁ። አራቱንም ማውጣት አያስፈልግም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ፓርት ዞሮ ነው ወይስ መስተዋት ነው? አንዱን ፓርት ብታዞሩት የግራው ወደ ቀኝ ይመጣል፣ ያው ፓርት ነው፣ አንድ ድሮዊንግ ይበቃዋል። መስተዋት ከሆነ የተለየ ፓርት ነው፤ የግራ ጫማ ቢያዞሩት የቀኝ አይሆንም። ይህን ሳትለዩ ከጀርባ የታየ ቪው አውጥታችሁ «ቀኙ ይሄ ነው» ካላችሁ ሁለት ግራ ይዛችሁ ትገባላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ታይትል ብሎኩ ላይ ያለውን የፕሮጀክሽን ምልክትም (ቪዎቹ በየትኛው ደንብ እንደተደረደሩ የሚናገረውን፣ ፈርስት አንግል ወይም ሰርድ አንግል) እዩት፤ ፈርስት አንግል ነው ብሎ የሚያነብ ሰው እጅ ላይ ሰርድ አንግል ወረቀት ሲወድቅ ግራና ቀኝ ይቀያየራል።

ሶሊድወርክስ የለኝም። በሌሎቹስ?

ኢንቬንተር ላይ አሴምብሊው ውስጥ ቪው ሪፕረዘንቴሽን ፈጥራችሁ ሌላውን ሁሉ ትሰውራላችሁ፣ ድሮዊንጉ ላይ እሱን ትመርጣላችሁ። ፊውዥን ላይ ድሮዊንግ ስትፈጥሩ ሙሉ አሴምብሊውን ከመውሰድ የተመረጡ ኮምፖነንቶችን ብቻ መውሰድ ይቻላል፣ አቅጣጫው የአሴምብሊው ሆኖ ይመጣል። ክሪዮ ላይ ቪውን ስታስቀምጡ በጂኦሜትሪ ሪፈረንስ፣ ፊትና ላይ የሚሆኑትን እየነካችሁ ነው።

ለላይሰንስ የሚከፈል ገንዘብ ለሌለው ፍሪካድ አለ፣ ነፃ ነው። በ2024 መጨረሻ የወጣው 1.0 የራሱ አሴምብሊ ወርክቤንች ይዞ መጥቷል። ቴክድሮው (የፍሪካድ የድሮዊንግ ክፍል) ውስጥ ቪው ስታስገቡ፣ ቅንብሩ ከፈቀደ አቅጣጫውን የሚወስደው በዚያ ሰዓት 3ዲ መስኮቱ ላይ ከምታዩበት ጎን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መስኮቱን አዙሩት። ካልተስተካከለም የቪው ዳይሬክሽን የሚል ሳጥን አለ፣ ሦስት ቁጥር ነው። 0፣ -1፣ 0 ከጻፋችሁ ፍሮንት፣ 0፣ 0፣ 1 ከጻፋችሁ ቶፕ። እንደ ሶሊድወርክስ ጠቅ ጠቅ አይልም፣ ግን ቁጥሩ ስለሚታይ አይዋሽም፤ ላሜራውን ሙሉ ገጹን ማየት ስትፈልጉም የ40 ዲግሪዋን ሳይንና ኮሳይን አስልታችሁ ታስገባላችሁ። ሒሳቡ ከሰለቻችሁ የላሜራውን ገጽ ጠቅ አድርጋችሁ ቪው አስገቡ፣ ያው ቅንብር ከፈቀደ አቅጣጫውን ከገጹ ላይ ያነበዋል።